ታፍኖ ነው እንጂ አላረጀም፦ ድሬ ላይ የካሜራ ኮምፒውተሬን ስላስተካከለልኝ ልጅ

ነገሩ የተጀመረው በፍየል ነው። የእናቴን አበባ ማን እንደሚበላው ለማየት የግቢውን ካሜራ ቅጂ ወደኋላ መለስኩት። ፍየሏ በሩ ላይ ቆማለች። ቀጥሎ ባለው ምስል አበባው ግማሽ ቀርቷል፣ እሷ ታኝካለች። መሃል ላይ ምንም የለም! ፍየል ስለሆነች ሳቅን። ሌባ ቢሆንስ?

4 ካሜራ አለኝ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋፒክሰል። የሚቀዳቸው 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ 5 ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቅዳት ሲገባው 4 እና 5 ላይ ይንፏቀቃል። መጀመሪያ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። 3 ቀን አስቀመጡትና "አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ" አሉኝ። ቤት አምጥቼ ሳየው ብሎኖቹ ላይ ያለው አቧራ እንኳ አልተነካም። ምኑን አይተው ነው አርጅቷል ያሉት?

ከዚያ በሰው በሰው ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ ልጅ አገኘሁ፣ ቤት ድረስ እየመጣ ይሠራል። ማክሰኞ ከሰዓት እመጣለሁ ብሎኝ የመጣው ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ ነው። የድሬን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም፣ ግን መደወል ምን ይከብዳል?

ሲሠራ ግን ሌላ ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ እጁን ኬዙ ላይ አሳረፈና "አቦ ይሄ እኮ እንጀራ ይጋግራል!" አለኝ። ለካ ጥፋቱ የኔም ነው። ሰው እንዳይነካካው ብዬ የቲቪው ማስቀመጫ ውስጥ ከትቼ በሩን ዘግቼበታለሁ። ክዳኑን ሲከፍተው ፋኑ ሥር አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ በጣቱ ሲያነሳው አንድ ላይ ተገሽልጦ ወጣ። ሲፒዩ በጣም ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙቀቱ 97 ዲግሪ ነበር። ጠረገው፣ ከሲፒዩው ሙቀት የሚያስወጣውን ቅባት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ቀየረ፣ ከቲቪው ማስቀመጫም አወጣው። ወደ 68 ወረደ። ፍሬሙ ግን 9 ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ "ተሠርቷል" ብሎ ብሩን ቢቀበለኝ አላውቅበትም ነበር፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን ታስክ ማናጀር ከፍቶ ሲፒዩው አሁንም 100 ፐርሰንት መሆኑን አሳየኝና "ካሜራዎቹ በኤች 265 ነው የሚልኩት?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። በብሮውዘር የካሜራውን ሴቲንግ ሲከፍት እውነትም ኤች 265 ነው። ኤች 265 የቪዲዮ ማጨቂያ ዘዴ ነው፣ ምስሉን በጣም ስለሚያጭቀው ሃርድ ዲስክ ይቆጥባል፣ ለመፍታት (መልሶ ምስል ለማድረግ) ግን ከባድ ነው። የኔ ኢንቴል ቺፕ የቀድሞውን ዘዴ ኤች 264ን በውስጡ ባለው የግራፊክስ ክፍል ይፈታል፣ ኤች 265 ላይ ግን ያ አቅም የመጣው ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ያ ምስኪን ሲፒዩ የ4 ካሜራ ምስል በጉልበቱ ብቻ ሲፈታ ነው የከረመው። ካሜራዎቹን ሁሉ ወደ ኤች 264 ቀየራቸው። የመፍታቱን ሥራ ለግራፊክሱ የሚሰጠውን፣ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን አበራ፣ ቅጂው እንደመጣ ሳይነካ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ፣ ሞኒተሩ ላይ ለማየት ደግሞ ካሜራው ጎን ለጎን የሚልከውን ትንሹን ምስል፣ ሰብ ስትሪም የሚባለውን መረጠ። ፍሬሙንም 15 ላይ ወሰነው። 25 ይሁንልኝ ብዬ ተከራከርኩ፣ "ለግቢ 15 ይበቃል፣ ኳስ አይደለም የምታየው" አለኝ። ልክ ነው። ሲፒዩው ከ25 ፐርሰንት በታች ወረደ፣ ምስሉም እንደ ውሃ ይፈስሳል።

በነፃ የሚገኝ ነገር ግን የለም። አሁን እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይልካል፣ አራቱ በቀን 170 ጊጋ አካባቢ ይበላሉ። 2 ቴራ ሃርድ ዲስኬ 11 ቀን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ድሮ የዚህ እጥፍ ይይዝ ነበር። ይህን አስቀድሞ አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ሲመሽ ደግሞ የበሩ ካሜራ መቆራረጡን ቀጠለ። ደወልኩለት። ኮምፒውተሩ አይደለም፣ ካሜራው ጨለማ ሲሆን ብርሃን ለመሰብሰብ ሻተሩን (ብርሃን ማስገቢያውን) ክፍት አድርጎ ያቆየዋል፣ ያኔ ፍሬሙ ይቀንሳል አለኝ። ሻተሩን 1/25 ሰከንድ ላይ ወስኜ በሩ ላይ አምፖል ሰቀልኩ፣ ተስተካከለ።

የከፈልኩት 1,800 ብር ነው። ሱቁ ግዛ ካለኝ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር አላወዳድረውም፣ ያናድደኛል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ለሁለት ቀን ሐረር ሄጄ ስመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አገኘሁት። መብራት ሄዶ መጥቷል፣ እሱ ግን አልተነሳም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልተቀዳም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ ያንን ረስቶታል። ስደውልለት በርጫ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ከኋላው ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። "ወላሂ ረስቼው ነው" አለና እዚያው ተቀምጦ "ዲሊትን ተጫን፣ ወደ ታች ውረድ፣ ቆይ ቆይ፣ እሱን አይደለም" እያለ በስልክ አስጨረሰኝ። ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። በራሱ ተነሳ። ካሜራው ላይ ፍየሏ በሩ ጋ ቆማለች።