የፎቅ ወለላችንን ለሠሩልን አናጺዎች ምስጋናና ጥቆማ

ደጃች ውቤ ሰፈር የሚገኘው የወላጆቼ ቤት ምድሩ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው የጥንት ቤት ነው። የፎቁ ወለል ረግቦ ለእናቴ መርገጡ አስፈሪ ሆኖ ነበርና፣ በሚገባ አድሰው ያስረከቡንን አናጺ ከነረዳቶቻቸው በአደባባይ ላመሰግናቸው፣ እንዲህ ያለ ቤት ላላችሁም ልጠቁማቸው እወዳለሁ።

አስቀድመን ያነጋገርናቸው ሌሎች ሠራተኞች በአሮጌው ሳንቃ ላይ ቺፑድ አንጥፈው ለመሸፈን ነበር የተስማሙት። እኚህ አናጺ ግን ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ጥግ ጥጉን አስነስተው፣ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚዎች አንድ በአንድ በመሮ እየወጉ መረመሩ። የበሰበሰው በድንጋዩ ግንብ ውስጥ የተቀበረው የአግዳሚዎቹ ጫፍ እንደሆነ፣ መነሻውም ከተቀደደው አሸንዳ በየክረምቱ ወደ ግድግዳው የሚሰርገው ውሃ መሆኑን በእጃችን አስነክተው አስረዱን። በላዩ ቺፑድ ቢነጠፍ ኖሮ ብስባሱ ከእይታ ተሰውሮ ይቀጥል ነበር።

ስለዚህ ሥራው ከጣሪያው ተጀመረ። አሸንዳው ተቀየረ፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ተጠበቀ፤ የበሰበሱት ጫፎች ተቆርጠው ጤነኛው እንጨት ግራና ቀኝ በአዲስ አግዳሚ ታቅፎ በብሎን ታሰረ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ለአሮጌው የዝግባ ሳንቃ ያሳዩት ክብር ነው። እያንዳንዱን በጠመኔ ቁጥር ጽፈው አነሱት፤ ደህናውን ልገው ወደ ቦታው መለሱት። ለጎደለው፣ ዝግባና ጥድ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ምንጩ ያልታወቀ እንጨት አንገዛም ብለው፣ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ደረቅ ሳንቃ አፈላልገው አመጡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ በዋጋው ቢረክስም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። እንጨት በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚኮማተርም ከግድግዳው ጥቂት ክፍተት ትተው በዞኮሎ፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ በሚገጠም ጠባብ ጣውላ፣ ሸፈኑት።

ዋጋቸው ከሁሉ ዝቅተኛው አይደለም፤ የሚቸኩል ሰውም ላይታገሣቸው ይችላል። ነገር ግን የጨመሩትን እያንዳንዱን ወጪ ምክንያቱን ሳያስረዱ አንድ ጊዜም አልጠየቁንም። ወለል ለማስነሣት ያሰባችሁ ሥራው በበጋ እንዲሆን እመክራለሁ። ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ እኛም በረንዳውን እንዲሠሩልን ከመስከረም በኋላ ቀጥረናቸዋል።