አክስቴን ያጎበጠብኝ ሌንስ፦ ከፊሽአይ ጋር 8 ወር

አክስቴ ፎቶውን ስልኬ ላይ አየችው። በጣቷ አስፍታ ራሷን ፈለገች። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ታጎብጠኝ?» አለችኝ። የእህቴ ቅልቅል ቀን ነው፣ ለገሃር አካባቢ ባለ ጠባብ ሳሎን። አክስቴ የጥበብ ቀሚሷን ለብሳ ቀጥ ብላ ነበር የቆመችው። ዳር ላይ ስለነበረች ግን እንደ ቀስት ጎብጣ ወጣች። መሀል ያሉት ሙሽሮች አምረዋል።

ሌንሱ 7.5 ሚሊሜትር ፊሽአይ ነው፤ «የዓሣ ዓይን» የሚሉት፣ እጅግ ሰፊ የሚያይ ሌንስ። ክሮፕ ሴንሰር (ምስል መቀበያው አነስ ያለ) ካሜራዬ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ወደ 180 ዲግሪ ያያል። የሸጠልኝ ልጅ «ለጠባብ ቤት ወደር የለውም፣ ሰው ሁሉ ይገባልሃል» ብሎኝ ነበር። መግባቱንስ ይገባል። እንዴት ሆኖ እንደሚገባ ለምን አልነገርከኝም ወንድሜ? ቀጥ ብሎ የሚቀረው በምስሉ መሀል የሚያልፍ መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ የራቀው ሁሉ ይጎብጣል። ብልሽት አይደለም፣ የፊሽአይ ተፈጥሮው ነው፣ ግን ገንዘቤን ከመቀበልህ በፊት ይቺን አንድ ቃል መናገር ምን ይከብድሃል? «ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል» ትለኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። የአክስቴ ወገብ ቀና አለ፣ ፊቷ ግን ወደ ጎን ተለጠጠ። ጥጉ ሲቆረጥ ደግሞ አጠገቧ የቆመው ልጇ ከፎቶው ወጣ።

ተናድጄ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። ያስታረቀን መስቀል አደባባይ ነው። ደረጃው ራሱ ክብ እየሠራ ስለሚዞር መጉበጡ አያስታውቅም፣ እንዲያውም ያምርበታል። የብርሃን ማስገቢያውን ጠበብ አድርጌ ኤፍ 8 ላይ፣ የፎከስ ቀለበቱን 1 ሜትር ላይ ተውኩት። ከእግሬ ሥር ካለው ደረጃ እስከ ማዶ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወረድኩ። የንግድ ባንክን ረጅም ሕንጻ መሀል ለመሀል ሳስገባው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ካሜራውን ትንሽ ወደ ጎን ሳዞር ዘመመ። ከሌንሱ ጋር የተዋወቅነው ያን ቀን ነው። (የፊት መስታወቱ ያበጠ ስለሆነ ከፊቱ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚታሰር ተጨማሪ መስታወት) አይገጠምለትም። ክዳኑን እንዳትረሱ።)

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ቡና ታፈላ ነበር። እሷን መሀል አደረግኳት፣ ረከቦቱን ከፊቷ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ዙሪያውን። ዳር ላይ የገቡት መጋረጃውና የበሩ መቃን ናቸው፣ እነሱ ይጉበጡ። አሳትሜ ሰጠኋት፣ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች።

ሌንሱን አልሸጠውም። ያ የሸጠልኝ ልጅ ግን አሁንም ከሆዴ አልወጣልኝም።