የሞርሞን ሚስዮናውያን የቤት ለቤት ትምህርት፦ «ከሞት በኋላ» የሚለው ክፍል ሲመዘን

ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም መለያ፤ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው። በሩ ሲከፈትላቸው የሚያቀርቡት በነጻ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ከትምህርቶቹም ሰውን ቁጭ አድርጎ የሚያስደምጠው ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት የሚያወሩበት ክፍል ነው። ገንዘብ ያልተከፈለበትን ነገር መገምገም ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ስልክ ቁጥር ይወስዳል፣ ሳይቆይም «ትጠመቃለህ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ ቢመዘን ነውር የለበትም። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፦ ካርታው እጅግ ግልጽ ነው፤ የጉዞው ዋጋ ግን ዘግይቶ ነው የሚነገረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የመጣውን መለየት ይበጃል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሙሉ ስም «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ነው፤ ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 በኒውዮርክ ግዛት መሠረታት፣ ዋና መቀመጫዋ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ከ2018 ወዲህ መሪዎቿ «ሞርሞን» የሚለው ቅጽል እንዲቀር አጥብቀው ስለሚጠይቁ ደጅ ላይ በዚያ ስም ራሳቸውን አያስተዋውቁም፤ መለያውን ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ከይሖዋ ምሥክሮች ጋር ያምታታቸዋል። እነዚያ ሰው ሲሞት በሕይወት የምትቀጥል ነፍስ የለችም ሲሉ፣ እነዚህኞቹ ግን ሰው ሳይወለድም በፊት መንፈስ ሆኖ ይኖር ነበር ይላሉ። ከዚህ የሰፋ ልዩነት የለም።

ወንዶቹ 2 ዓመት፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም ከአሜሪካ የሚላክ ወጣት ከ2020 ጀምሮ በወር 500 ዶላር ከራሱ ወይም ከቤተሰቡ ኪስ ያዋጣል። ስለዚህ «ባስጠመቁት ሰው ቁጥር ይከፈላቸዋል» የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም። የወንዶቹ መለያ ላይ «ኤልደር» ይላል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። ጢሙ ገና ያልወጣ የ19 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሲባል ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም፤ የክህነት ማዕረግ እንጂ የዕድሜ ስም አይደለም።

ቀጠሮ አከባበራቸው ምንም እንከን አይወጣለትም። አንድ ክፍለ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጸሎት ይከፈታል፣ በጸሎት ይዘጋል። ደጅ ላይ ቆመው «መግባት አንችልም» ካሉ እንደ ንቀት አይቆጠርባቸው፦ ወንዶቹ ብቻዋን ወዳለች ሴት ቤት፣ ሴቶቹም ብቻውን ወዳለ ወንድ ቤት እንዳይገቡ ሕግ አላቸው፤ ሌላ አዋቂ ሰው መኖር አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ መጥራት፣ ካልሆነም ደጅ ላይ መነጋገር። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ጆሴፍ ስሚዝና ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ስለሚቀበሉት ቅዱስ መጽሐፍ፣ ስለ መጽሐፈ ሞርሞን ነው፤ ከሞት በኋላ ያለው ጉዳይ በሁለተኛው «የደኅንነት ዕቅድ» በሚል ርእስ ይመጣል። ለዚያ ብቻ የሚፈልጋቸው ሰው ግን በስልክ ቀጠሮ ሲይዝ «ከሁለተኛው ጀምሩልኝ» ቢል ይችላል፤ የትምህርቱን ቅደም ተከተል እንደ ሰሚው እንዲያስተካክሉ ተፈቅዶላቸዋል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ሚስዮናዊው ክብ ክብ ተደርገው የተቆረጡ ወረቀቶችን አንድ በአንድ ይዘረጋል፤ ወረቀት ከሌለው ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይሥላል። በስተግራ አንድ ክብ፦ ከመወለድ በፊት ከእግዚአብሔር ዘንድ የነበረው ሕይወት። ቀጥሎ ቆሞ የሚወርድ መስመር፦ መጋረጃ፣ ያንን ሕይወት የሚያስረሳ። ከዚያ ምድር። ሌላ መስመር፦ ሞት። ቀጥሎ ለሁለት የተከፈለ ክብ፣ የመናፍስት ዓለም፤ ግማሹ ገነት፣ ግማሹ የመናፍስት እስር ቤት። ከትንሣኤና ከፍርድ መስመር ወዲያ ሦስት ክቦች አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ኮከብ። ከ10 ደቂቃ በታች ነው የሚያልቀው፤ ሕፃንም ይረዳዋል። በዚህ በኩል ከዚህ የተሻለ አቀራረብ ያለው የእምነት ትምህርት ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ቃላቱ ላይ ነው። «ገነት» ሲሉ የመጨረሻውን ቤት ማለታቸው አይደለም፤ ጻድቃን ትንሣኤን የሚጠብቁበት ማረፊያ ነው። «እስር ቤት» የተባለውም የዘላለም ሲኦል አይደለም። ወንጌልን ያልሰሙና ያልተቀበሉ በዚያ ይቆያሉ፣ ከገነት የተላኩ መናፍስትም ይሰብኩላቸዋል፤ ሰሚው ይቀበላል ወይም ይተዋል። ይህ ስብከት በሰፊው የተተረከው የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ የነበረው ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ በጥቅምት 1918፣ ከመሞቱ ስድስት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ፣ አየሁት ባለው ራእይ ነው። «ሁሉም ይድናል» የሚል ቃል ከአፋቸው ከወጣም ወዲያው «ከምን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማለታቸው ሁሉም ከሞት ይነሣል ነው።

ሦስቱ ክብሮች፣ ማለትም ሦስቱ የላይ ክቦች፣ ጆሴፍ ስሚዝ በ1832 አየሁት ካለው ራእይ የመጡ ናቸው። ዝቅተኛው ተለስቲያል ይባላል፤ ውሸታሞች፣ አመንዝሮችና ጠንቋዮች ቅጣታቸውን ከጨረሱ በኋላ የሚወርሱት ነው፤ ክብሩ ግን ከሰው አእምሮ በላይ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። መካከለኛው ተረስትሪያል፣ በሰዎች ተንኮል ዓይናቸው የታወረባቸው ጨዋ ሰዎች ቤት ነው። ላይኛው ሰለስቲያል፣ አብ ራሱ ያለበት። ከሦስቱም ውጭ «በውጭ ያለው ጨለማ» አለ፤ የሚገቡበት እያወቁ የካዱ «የጥፋት ልጆች» ብቻ ስለሆኑ በቁጥር እጅግ ጥቂት ናቸው ይላሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሰሚው ዘና ይላል። ሌባውም ኮከብ የመሰለ ክብር ካገኘ ምን ያስጨንቃል?

ነገሩ የሚከረው እዚህ ነው። ሚስዮናውያኑ ደጋግመው የሚሉት ማባበያ «ቤተሰብ ለዘላለም አብሮ ይኖራል» ነው። ወረቀቶቹ ላይ የማይታየው፣ ይህ ተስፋ ለሦስቱም ክቦች አለመሆኑ ነው። ባልና ሚስት ሆኖ መቀጠል የላይኛው ክብ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ሦስት ደረጃ አለው፣ የሁሉ በላይ ወደሆነው የሚያስገባው የዘላለም ጋብቻ ነው። ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ሲጎትቱት ዋጋው ይወጣል፦ ያ ጋብቻ የሚታተመው (ለዘላለም እንዲጸና የሚደረገው) ከተራው የጸሎት ቤት በተለየ ሕንጻ፣ በቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደ ቤተ መቅደስ ለመግባት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ በሁለት ቃለ መጠይቅ ይገኛል፣ በየ2 ዓመቱም ይታደሳል፤ ከጥያቄዎቹ መካከል አሥራት፣ ማለትም የገቢ 10 በመቶ፣ እና ከቡና፣ ከሻይ፣ ከአልኮልና ከትምባሆ መራቅ ይገኙበታል። (ሰው የሚደነግጠው ቡና ላይ ነው፤ አሥራቱን ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል።) አዲስ የተጠመቀም ለራሱ የቤተ መቅደሱን ሥርዓት ለመፈጸም ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠብቃል። አባል ያልሆነ አባትና እናት የልጃቸውን መታተም ገብተው ማየት አይችሉም፤ ከ2019 ወዲህ ግን ወላጅ የሚገኝበትን በሕግ የሚፈጸም ሠርግ አስቀድሞ ማድረግ መታተሙን በዓመት ስለማያዘገይ ያ ቅሬታ ትንሽ ቀንሷል። በሕይወት ሳለ ዕድሉን ያላገኘ ወይም ሳያገባ የሞተ ታማኝ ሰው ከዚህ በረከት እንደማይጎድል እንደሚያስተምሩም መጨመር ፍትሐዊ ነው።

ሌላው የሚድበሰበሰው «እንደ እግዚአብሔር መሆን»፣ ማለትም ሰው ውሎ አድሮ እንደ እግዚአብሔር ሊሆን ይችላል የሚለው ትምህርት ነው። ጆሴፍ ስሚዝ በሚያዝያ 1844፣ ከመገደሉ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በይፋ የሰበከው ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ2014 በጉዳዩ ላይ የራሷን ጽሑፍ አውጥታለች። ተቃዋሚዎች «እያንዳንዱ ሞርሞን የራሱን ፕላኔት ያገኛል» ብለው ያፌዛሉ፤ ትምህርቱ በዚያ ቃል አልተቀመጠም። ሚስዮናውያኑ ግን ፌዙን ስለሚፈሩ ዋናውን ነገር ጭምር ሸፋፍነው ያልፉታል። ቢጠየቁ ይመልሳሉ፤ ካልተጠየቁ አይነኩትም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ስለ ሙታን የሚደረገው፣ በሕይወት ያለ ሰው በሟች ስም የሚጠመቀው ጥምቀት ነው፤ ይገባው የነበረውን ጊዜ ያህል አይሰጡትም። ሥሩ ሐዘን ነው። የጆሴፍ ስሚዝ ታላቅ ወንድም አልቪን ሳይጠመቅ በ1823 ሞተ። በ1836 ጆሴፍ አልቪንን በላይኛው መንግሥት አየሁት አለ፤ በ1840 ደግሞ በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ስለ ሙታን የሚጠመቁ» ብሎ የጠቀሰውን ይዞ ልምምዱን ይፋ አደረገ። መጀመሪያ በሚሲሲፒ ወንዝ ነበር የሚጠመቁት። ዛሬ በቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በ12 የበሬ ቅርጾች ጀርባ ላይ በተቀመጠ ገንዳ ነው፤ ገንዳውም የመቃብር ምሳሌ ስለሆነ በተለምዶ ከመሬት ወለል በታች ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጭ የለበሰ ወጣት ውኃው ውስጥ ይቆማል፤ አጥማቂው የሟቹን ስም ከፊቱ አንብቦ «ስለ እገሌ፣ ስለሞተው» ብሎ ያጠልቀዋል፣ ያወጣዋል፣ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ሁለት ምስክሮች አፍጥጠው ያያሉ፤ የፀጉር ጫፍ ወይም የልብስ ጠርዝ ከውኃው በላይ ከቀረ ይደገማል። ሬሳ የለም፣ አጽም የለም፤ ሬሳ ያጠምቃሉ የሚለው ወሬ ሁሉ ፈጠራ ነው። ተጠማቂው 12 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት ጀምሮ መሳተፍ ይችላል። ሟቹ ከሞተ ቢያንስ 30 ቀን ማለፍ አለበት፤ 8 ዓመት ሳይሞላቸው ለሞቱ ሕፃናት ጥምቀት አያስፈልግም ይላሉ። ሰውየው በተወለደ 110 ዓመት ካልሞላው ስሙን የሚያቀርበው የቅርብ ዘመዱ መሆን ወይም ከቅርብ ዘመድ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ብልሽቱም እዚህ ይጀምራል። አንዳንድ አባላት የማይዛመዷቸውን ሰዎች ስም ከመዝገብ እየለቀሙ በማስገባታቸው በሆሎኮስት የሞቱ አይሁዳውያን ስም ተገኝቶ ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ጠብ ተነሣ፤ በ1995 ስምምነት ተደረገ፣ ከዚያም በኋላ ጥሰቶች ታይተዋል። የገዛ አያቱ ስም የሚያሳስበው ሰው ፋሚሊሰርች በተባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አካውንት ከፍቶ ስሙ መኖሩን ማየት ይችላል። የስሙ መኖር ብቻውን ተጠምቆለታል ማለት አይደለም። እነሱ እንደሚያስተምሩትም ሥርዓቱ ሟቹን አባል አያደርገውም፤ መቀበልና አለመቀበል የሟቹ ፈንታ ነው።

ከአገልግሎቱ ጉድለቶች ቀዳሚው ጥድፊያው ነው። የጥምቀት ግብዣው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀጠሮ፣ ከነቀን ቁርጡ ይመጣል። «እሺ፣ እናያለን» ማለት በነሱ ዘንድ እሺታ ነው፤ ስለዚህ ያልወሰነ ሰው «አሁን ቀን አልቆርጥም» ይበል። ያገባ ሰው ያለ ትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰም ያለ ወላጅ ፈቃድ እንደማይጠመቅ የራሳቸው ደንብ ነው። ሁለተኛው ጉድለት መቀያየሩ ነው፤ በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር ስላለ ነገሩን ከጀመሩት ልጆች ጋር መጨረስ ብርቅ ነው። ከበድ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ «ጸልየህ ጠይቅ» ይላሉ። ከልብ የመነጨ ምክር ነው፤ ለታሪክ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ማሰናበት የፈለገ ሰው በር ከመዝጋት ይልቅ «ዳግም እንዳትመጡ፣ አድራሻዬም ላይ መዝግቡት» ቢላቸው ይሻላል፤ በስልካቸው ባለው የጋራ መዝገብ ካልገባ ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲሶቹ መጥተው ያንኳኳሉ።

ለግልጽነቱና ለትሕትናቸው ከ5 ኮከብ 4፤ ዋጋውን በጊዜ ለመናገር 2። ለሚሞክረው አንድ ምክር፦ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ከጉባኤው አንድ ያገባ፣ በዕድሜ የጠና አባል ይዘው እንዲመጡ ይጠይቅ፤ ማምጣት ይወዳሉ። ልጆቹ ለሚስዮን ከመነሣታቸው በፊት ቤተ መቅደስ ገብተው ይሆናል፤ ትዳሩን ያሳተመው፣ ለሟች አባቱም በውኃው ውስጥ የቆመው ግን ያ ሰው ነው። የላይኛው ክብ ምን እንደሚያስከፍል እሱን ሲጠይቁት ሳይሸፋፍን ይናገራል።