ቺፐር፣ ዌጅ ወይስ ያው ስምንት ቁጥር? ከግሪኑ ዳር ለሚጨነቁ ገዢዎች

ገና እየተጫወተ ላደገ ሰው ዱላ አንድ ነው። ተመርጦ የተቆረጠ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ። ሩሯን ከሩቅ ቢለጋበትም፣ ከእግሩ ስር ቢገፋበትም ያው እሱው ነው። ጎልፍ ግን እስከ 14 ዱላ ያሸክማል። ያን ሁሉ ተሸክመን ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ አጥሮ የታጨደው መደብ) ዳር ስንደርስ ደግሞ የቱን እንደምናወጣ ግራ ይገባናል።

ባለፈው ጥቅምት እዚህ ሜሪላንድ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ኳሷ ከግሪኑ ጠርዝ ሁለት ሜትር፣ ከጉድጓዱ ደግሞ 12 ሜትር ያህል ላይ ናት። መሃል ላይ ምንም የለም። 56 ዲግሪ ዌጄን አወጣሁ፤ ዌጅ ፊቱ በጣም ወደ ኋላ ያጋደለ፣ ኳስ ከፍ የሚያደርግ ዱላ ነው። የመጀመሪያው ምት መሬት ቆፈረ፤ ኳሷ ስንዝር ፈቀቅ አለች። በሁለተኛው የዱላው ስለት ወገቧን አገኛትና ግሪኑን አቋርጣ ማዶ ገባች። አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ ሳቀብኝ። እሱ ቺፐር አለው። እኔ ደግሞ ቺፐር የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር «የሰነፍ ዱላ» እል ነበር። ያን ቀን አፌን ዘጋሁ።

ቺፐር ማለት ፑተር (ግሪን ላይ ኳስ የምናንከባልልበት ዱላ) እና አይረን (ራሱ ቀጭን ብረት የሆነ፣ በቁጥር የሚጠራው ዱላ) ተጋብተው የወለዱት ነው። ቁመቱን ከፑተር፣ ፊቱን ከአይረን ወስዷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዘንጉ የእንጨት በነበረበት ዘመን ስኮትላንዶች ጂገር የሚሉት፣ ኳስን ዝቅ አድርጎ ወደ ግሪን የሚያንከባልል ቀጭን አይረን ነበራቸው። የዛሬው ቺፐር የዚያ የልጅ ልጅ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ለምን አስፈለገ? የፑተር ፊት የሚያጋድለው ሦስት አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ግሪኑ ላይ ይበቃዋል። ሣር ውስጥ ግን ኳሷን ሳያነሳት ሣሩ ይይዛታል። ዌጅ ያነሳታል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ መሃል ላይ ገቡ፦ እንደ ፑተር በትከሻ ብቻ የሚወዛወዝ፣ የእጅ አንጓ የማያሳጥፍ፣ ፊቱ ግን ከ30 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ የሚያጋድል። ኳሷ ሣሩን ዘላ ትወርድና ቀሪውን እንደ ፑት ትንከባለላለች።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የሞከርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በርካሹ ልጀምር።

ስምንት ቁጥር አይረን ቤታችሁ አለ። ብዙ ጊዜ ፊቱ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ነው፤ ከብዙ ቺፐሮች ጋር እኩል ማለት ነው። ታዲያ ሌላ ዱላ ለምን እንገዛለን? መልሱን ሳሎን ምንጣፍ ላይ አየሁት። ስምንት ቁጥሩን እንደ ፑተር ቀጥ አድርጌ፣ ወደ እግሬ አስጠግቼ ያዝኩት። ተረከዙ ከምንጣፉ ተነሳ፣ ስሩ ጣት ያስገባል። መሬት የነካው ጫፉ ብቻ ነው። አይረን የተሠራው ከሰውነት ራቅ ብሎ ጋደም እንዲል ነዋ። ቁመቱም ከፑተር ኢንች ተኩል ያህል ስለሚረዝም እጀታውን ዝቅ ብላችሁ ካልያዛችሁት ሆዳችሁን ይነካል።

ይሄ ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። ጫፉ ብቻ ሲነካ ሣር ውስጥ የሚገባው ብረት ያንሳል፣ መቆፈሩም ይቀንሳል። ችግሩ ርቀት ላይ ነው። በጫፍ የተመታች ኳስ ትደነዝዛለች፤ አንዱ ምት ዘጠኝ ሜትር፣ ሌላው በዚያው ኃይል ሰባት ሜትር ይሄድባችኋል። ቺፐር የሚያስተካክለው በትክክል ይህንን ነው። ዘንጉ ቀና ብሎ ስለተተከለ ታቹ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ይተኛል፣ ምቱም መሃሉ ላይ ይውላል። ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለዚህ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

አሁን ዌጅ። ዌጅን ያማሁት ሳላውቅበት ነው፣ ይቅር ይበለኝ። ታቹ ላይ ባውንስ የሚባል ሆድ አለው። ሆዱ መሬቱን ሲነካ ዱላው ከመቆፈር ይልቅ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካዊው ጎልፈኛ ጂን ሳራዘን የዌጁን ታች በብየዳ ያወፈረው ለዚህ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦፕን የሚባለውን ትልቁን የብሪታንያ ውድድር አሸነፈ። እኛ ጀማሪዎች ግን እጃችንን አብዝተን ወደፊት እንገፋና ሆዱን እንደብቀዋለን። ያኔ ስለቱ ፊት ፊት ይቀድምና እንደ ዶማ ይሰነቀራል። የእኔ የመጀመሪያ ምት ታሪኩ ይሄው ነው።

ግን ቺፐር ፈጽሞ የማይሠራውን ዌጅ ይሠራል። ኳሳችሁና ጉድጓዱ መሃል አሸዋ ካለ፣ ወይም ጉድጓዱ ከግሪኑ ጠርዝ ሦስት እርምጃ ላይ ከሆነ፣ ቺፐር ኳሷን ወይ አሸዋው ውስጥ ይከታታል፣ ወይ ጉድጓዱን አሳልፎ ማዶ ይሰዳታል። ሒሳቡን በግምት እንየው። 56 ዲግሪ ዌጅ በአየር አንድ ሜትር ከሄደ መሬት ላይ አንድ ሜትር ያህል ይንከባለላል። ስምንት ቁጥርና ቺፐር በአየር አንድ ከሄዱ መሬት ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይሮጣሉ። ስለዚህ ለዚያ ለጥቅምቱ 12 ሜትር፣ ቺፐር ሦስት ሜትር ላይ ካረፈ ይበቃው ነበር። ሁለት ሜትሯ ሣር፣ ከዚያ አንድ ሜትር ግሪኑ ውስጥ። ጓደኛዬ የሳቀው በምክንያት ነው።

ጥልቅና እርጥብ ሣር ውስጥም ቺፐር ሰነፍ ነው። ኳሷ ከሰመጠች ዌጅ አውጡ። ሣሩ ደግሞ ሙልጭ ተደርጎ የታጨደና ደረቅ ከሆነ ፑተራችሁ ራሱ ይበቃል፤ ምንም አትግዙ።

ቺፐር ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እወቁ፣ በተለይ ውድድር የምትገቡ። የጎልፍን ሕግ በሚያወጡት በዩኤስጂኤና በአር ኤንድ ኤ ሕግ ቺፐር የሚቆጠረው ከአይረን ነው። ፊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ስለሚያጋድል ፑተር አይባልም። ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ፊቱ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ እጀታው ክብ መሆን አለበት፤ ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ የፑተር እጀታ አይፈቀድም። ሦስተኛ፣ ከ14ቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እንግዲህ «ብልህ ነኝ» ብሎ ስምንት ቁጥሩ ላይ የፑተር እጀታ የሚያስገጥም ሰው ሕገወጥ ዱላ ሠራ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ዱላ በውድድር አንዴ እንኳ ከመታችሁ ከውድድሩ ትሰረዛላችሁ።

ባለሁለት ፊቱን ቺፐርም በዚሁ ልጨርሰው። በቀኝም በግራም ይመታል፤ ኳሷ ዛፍ ስር ስትለጠፍ ዞር ብላችሁ በሌላው ፊት ትመታላችሁ። በመደብር ያምራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ግን ሁለት ፊት ለፑተር እንጂ ለአይረን አይፈቀድም። ከዚያ ደግሞ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። በዓመት ሁለቴ ለሚያጋጥም ዛፍ ሲባል ቦርሳ ውስጥ ቦታ መስጠት አይታየኝም። ከልጆች ጋር ለመዝናናት ከሆነ ግን ማንም አይከለክላችሁም።

ከባለ አንድ ፊቶቹ ሁለት ልጥቀስ። የፒንግ ቺፐር 38.5 ዲግሪ ነው፣ ቁመቱ 35 ኢንች። ከስምንትና ከዘጠኝ ቁጥር መሃል ያለ ነገር፤ ዝቅ ብሎ ይወጣና ይሮጣል። ክሊቭላንድ ስማርት ሶል ከሚለው ቤተሰቡ ውስጥ ሲ የሚባለው 42 ዲግሪ ነው። ታቹ ሰፊ ነው፣ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ሩጫው ያንሳል። የምትጫወቱበት ግሪን ፈጣንና ደረቅ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላችኋል። እንደ እኔ ያለ፣ ግሪኑ ዘገምተኛ የሆነ የሕዝብ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያው። ሁለቱንም ያገለገለ መግዛት ያዋጣል። በሩቅ ምት የተጎሳቆለ ዱላ አይደለምና፣ ፊቱ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ካልተበሉና እጀታው ካልደረቀ ጭረት አያሳስባችሁ።

ማን ምን ይግዛ? በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚጫወትና ለመለማመድ ጊዜ ያለው ሰው ዌጁን ይማር። ያ ጊዜ ፈጽሞ አይባክንም። በወር አንዴ፣ ከፈረቃ ወጥቶ በድካም የሚጫወት ሰው ግን ቺፐር ቢገዛ አልፈርድበትም፤ እጁ የማያውቀውን ምት ሜዳ ላይ ሆኖ ሊማር አይችልም። በሁለቱ መሃል ያለ ሰው መጀመሪያ ስምንት ቁጥሩን ለአንድ ወር ይሞክር። እጀታውን ዝቅ ብሎ ይያዝ፣ ኳሷን ወደ ቀኝ እግሩ ትንሽ ያስጠጋ፣ ከዚያ እንደ ፑት ይምታ።

እኔ ከጓደኛዬ ቺፐሩን ተውሼ መለማመጃው ግሪን ዳር ሄድኩ። በእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ኳስ መታሁ። ከጉድጓዱ የአንድ ዱላ ቁመት ያህል ርቀት ውስጥ የቆሙትን ቆጠርኩ። በዌጅ ሁለት፣ በስምንት ቁጥር አምስት፣ በቺፐር ሰባት። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ስምንት ቁጥራችሁ ከቺፐሩ እኩል ከወጣ ብራችሁን ያዙ።

ያገለገለ 38.5 ገዛሁ። 14 ሞልቶ ስለነበር ቦታ ማስለቀቅ ነበረብኝ። 56ቱ ለአሸዋ ያስፈልገኛል፣ እሱን አልነካሁም። የወጣው 60 ዲግሪው ዌጅ ነው፤ ያ ቴሌቪዥን ላይ አይቼ የገዛሁት፣ አንዴም አምሮልኝ የማያውቀው። አሁን ጋራዥ ውስጥ ከጃንጥላው ጎን ቆሟል።