ስካይሪም ላይ ሞድ ለመጫን የቱን ልግዛ? የሱቅ ኮፒ፣ ስቲም ወይስ ጎግ

ክረምት ገብቶ ተማሪው ሲያርፍ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ስካይሪም ላይ ሞድ መጫን ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?» ስካይሪም የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ሞድ ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ለውጥ ነው። ጠያቂዎቹ ባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ ካምፓስ የሚማሩ ልጆች፣ ዓባይ ማዶ ያሉ ጓደኞቼ፣ አንዳንዴም የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ እዚህ ልጻፈውና ይለይለት። ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለውን ተራውን እትም ግዙ፣ ከጎግ፣ በቅናሽ ጊዜ። ጎግም ስቲምም ጌም በኢንተርኔት የሚሸጡ ሱቆች ናቸው። ሞዱን ሞድ ኦርጋናይዘር 2 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ረዘም ይላል።

ከሱቅ ኮፒው ልነሳ፤ ባሕር ዳር ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የአክስቴ ልጅ ሃርድ ዲስኩን ይዞ አንድ ሱቅ ሄደ። ጌሙን 150 ብር አሉት። «ሞዱም አብሮ ይጫንልህ» ብለው ሌላ 200 ብር ጨመሩበት። 350 ብር ከፍሎ ደስ ብሎት ወጣ። ቤት ወስዶ ሲከፍተው ጌሙ ይነሳል፤ ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ግን «ስካይዩአይ ኤረር ኮድ 1» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። መልሶ ወሰደላቸው። «ላፕቶፕህ አልቻለውም፣ ራም ጨምርበት» አሉት። ራሙንም እነሱው ይሸጣሉ።

ጣጣው ከራም ጋር ምንም አይገናኝም። ኤረር ኮድ 1 ማለት ስካይዩአይ የተባለው ሞድ ኤስኬኤስኢ የሚባለውን ረዳት ፕሮግራም አላገኘውም ማለት ነው። ኤስኬኤስኢ ነፃ ነው፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ሞዶች ያለ እሱ አይሠሩም። ጌሙ መከፈት ያለበትም በራሱ በኤስኬኤስኢ በኩል ነው። ደግሞ ከጌሙ ቨርዥን ጋር ልክክ ማለት አለበት። ጌማችሁ 1.5.97 ከሆነ ኤስኬኤስኢው 2.0.20 ይሆናል። የስቲሙ 1.6.1170 ከሆነ 2.2.6 ይሆናል። የልጁን ጌም በኤስኬኤስኢ በኩል ስንከፍተው ቨርዥኑ አይገጥምም ብሎ ቆመ። ሱቁ የአንዱን ጌም ከሌላው ቨርዥን ኤስኬኤስኢ ጋር አደባልቆ ነው የሰጠው።

ይህን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። የጌሙን ፎልደር ክፈቱ። ስካይሪም ኤስኢ የሚለውን ፋይል በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ በሉ። ፕሮዳክት ቨርዥን የሚለው መስመር ላይ ቁጥሩ አለ። ቀጥሎ ዳታ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። ንጹሕ ጌም ከሆነ ትልልቅ ማኅደር ፋይሎችና ቪዲዮ የሚል ፎልደር ነው የምታዩት። ሜሺስ፣ ቴክስቸርስ የሚሉ ፎልደሮች ካያችሁ ግን ከእናንተ በፊት ሰው ሞድ ደፍቶበታል። የአክስቴ ልጅ ኮፒ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ነበሩ። የትኛው ፋይል ከየትኛው ሞድ እንደመጣ የሚያውቅ የለም፣ ሱቁም አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነቅሶ ማጽዳት አይቻልም፤ ከነፎልደሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ድጋሚ ቢያስገለብጥ ደግሞ ከዚያው ዲስክ ስለሚገለበጥ ያው ቆሻሻ ተመልሶ ይመጣል።

በዚህ ላይ ቫይረሱ አለ። ፎልደሮቹን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን የምታውቁት ነው። ሃርድ ዲስኩ ከሱቅ ይዞት መጣ፤ ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ሌላ 300 ብር ወጣ። ሲደመር 650 ብር፣ የባጃጁን ሳንቆጥር። በ650 ብር የተገኘው የማይሠራ ጌም ነው። እርዳታ ልጠይቅ ብትሉ ደግሞ ሞድ በሚወርድበት ድረ ገጽ፣ ኔክሰስ ሞድስ ላይ፣ ለክራክ (ሳይገዛ ለተገለበጠ) ኮፒ ድጋፍ አይሰጥም፤ ሞድ ሠሪዎቹም አይመልሱላችሁም።

አሁን ወደ ኦሪጅናሉ ዋጋ እንምጣ። ስፔሻል ኤዲሽን ሙሉ ዋጋው 39.99 ዶላር ነው። አኒቨርሰሪ ኤዲሽን 49.99። ስፔሻሉን ገዝቶ በኋላ ወደ አኒቨርሰሪ ለማሳደግ 19.99። በሙሉ ዋጋ አንዱንም እንዳትገዙ፣ አደራ። በቅናሽ ጊዜ ስፔሻሉ ወደ 10 ዶላር ይወርዳል። ትልልቆቹ ቅናሾች በእኛ ሰኔና ታኅሣሥ አካባቢ ይመጣሉ፤ በመሃልም ትንንሽ አሉ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 10 ዶላር 570 ብር ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በሙሉ ዋጋና በቅናሽ ዋጋ መካከል ያለው የ30 ዶላር ልዩነት ቀላል ብር አይደለም። የተወሰኑ ሳምንታት መታገስ ለተማሪ የብዙ ቀን ምሳ ያተርፋል።

አኒቨርሰሪው ይቅርባችሁ። ብዙ ሰው አዲስና የተሻለ ጌም ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ከስፔሻሉ ጋር አንድ ነው፤ የሚጨመረው ይዘት ነው፦ መሣሪያ፣ ቤት፣ ተልዕኮ የመሳሰለው። ሞድ ለመጫን አያስፈልግም። ጀማሪ በቅድሚያ የሚጭነው የስህተት ማረሚያ ሞድ አራት የአኒቨርሰሪ ይዘቶችን ይፈልጋል፤ አራቱም ለስፔሻል ኤዲሽን ባለቤት ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ለሌላው 10 ወይም 20 ዶላር መጨመር ለጀማሪ ትርጉም የለውም። በዚያ ላይ ጌሙን ሳታውቁት ብዙ ነገር ስለሚደፋባችሁ ጌሙ ሲበላሽ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. 2011 የወጣውንና አሁንም አንዳንድ ቦታ የሚገለበጠውን የድሮውን ስካይሪም በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። 32 ቢት ስለሆነ ሞድ ሲበዛበት ሜሞሪው ሞልቶ ይዘጋል። አዳዲስ ሞዶችም የሚሠሩት በአብዛኛው ለስፔሻሉ ነው። ላፕቶፓችሁ 4 ጊጋ ራም ብቻ ካለውና ሌላ አማራጭ ከሌለ በትንንሽ ሞዶች ያጫውታችኋል። ስፔሻሉ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል።

ክፍያውስ? ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ እዳው ገብስ ነው። ጎግ ላይ በስጦታ መልክ ገዝቶ በኢሜይል ይልክላችኋል። ዶላር ካርድ ያለው ጓደኛ ካለም እንደዚያው። እንዳትነኩት የምለምናችሁ ቴሌግራም ላይ በ300 ብርና በ400 ብር «ኦሪጅናል ስቲም አካውንት» እያሉ የሚሸጡትን ነው። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይሰጧችኋል። ያንኑ ለሌላም ሰው ሸጠውታል። አንድ ቀን ፓስወርዱ ይቀየራል፣ ሻጩም ብሎክ ያደርጋችኋል። ጓደኞቼ በዚህ መንገድ ያጡት ገንዘብ ቢደመር ጌሙን ከነአኒቨርሰሪው ይገዛ ነበር።

ስቲም ወይስ ጎግ የሚለው ላይ ብዙ ሰው በቀጥታ ስቲም ይላል፤ ስሙን ስለሚያውቀው። እኔ ለባሕር ዳር ሰው ጎግን የምመርጠው ሁለት ነገር አይቼ ነው።

አንደኛው ኢንተርኔቱ ነው። ጎግ የጌሙን ኢንስታለር ራሱን ያወርድላችኋል፤ ፋይሉ የእናንተ ነው። ዋይፋይ ጥሩ ባለበት ሌሊት፣ ካምፓስም ይሁን ቤት፣ አንዴ አውርዳችሁ ኤክስተርናል ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ላፕቶፑ ፎርማት ቢደረግ፣ ሃርድ ዲስክ ቢቀየር፣ ያለ ኢንተርኔት መልሳችሁ ትጭናላችሁ። ኔትወርክ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከ12 ጊጋ በላይ ለማውረድ የሚወጣው የዳታ ብር ራሱ ከቅናሽ ዋጋው ጋር ይፎካከራል።

ሁለተኛው አፕዴት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021 አኒቨርሰሪው ሲወጣ፣ ከዚያም በዲሴምበር 2023፣ ጌሙ ስቲም ላይ ተቀየረ። ቨርዥኑ ሲቀየር የድሮው ኤስኬኤስኢ አልገጥም አለ፤ በእሱ ላይ የቆሙት ሞዶችም አብረው ቆሙ። ማታ ሲሠራ ያደረ ጌም ጠዋት አይከፈትም። በዚያ ሰሞን የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ ስለዚሁ ነበር፤ አብዛኛው ደዋይ ምንም ነገር አልነካሁም ይል ነበር፣ እውነቱን ነው። ጎግ ላይ ያወረዳችሁት ኢንስታለር ግን ራሳችሁ ካልቀየራችሁት አይቀየርም። የሠራ ነገር እንደሠራ ይቆያል።

ጎግም ጉድለት አለው። ኤስኬኤስኢው ለብቻው ነው፤ ስታወርዱ ለጎግ የተሠራውን መምረጥ አለባችሁ። በኤስኬኤስኢ ላይ ከሚቆሙት ሞዶች ጥቂቶቹ ለስቲሙ ብቻ ተሠርተው ጎግ ላይ እንቢ ይላሉ። ከማውረዳችሁ በፊት የሞዱን ገጽ አንብቡ። ዩትዩብ ላይ ያሉት ማሳያዎችም በአብዛኛው በስቲሙ የተሠሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም።

ስቲሙ ቀድሞ ያላችሁ ሰዎች ድጋሚ አትግዙ፤ ብር አታባክኑ። ሴቲንጉ ላይ ጌሙ ሲከፈት ብቻ አፕዴት እንዲያደርግ አስተካክሉና ሁልጊዜ በኤስኬኤስኢ በኩል ክፈቱት። ገንዘብ ስለመመለስም ልብ በሉ፦ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ይመልሳል፤ ጎግ 30 ቀን ይሰጣል። በኡዝድ ላፕቶፕ ይችል ይሆን ወይ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው የጎጉ ይሻላል።

የሞድ መጫኛ ፕሮግራሞቹ ሁሉም ነፃ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ዋጋው የሚለካው በጊዜና በዳታ ነው።

በእጅ ወደ ዳታ ፎልደር መገልበጥ ይቅር። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ቢሆን የትኛው ፋይል እንደገባ፣ የትኛው እንደቀረ አታውቁም። መጨረሻው እንደ ሱቁ ኮፒ ነው።

ቮርቴክስ የኔክሰስ የራሱ ፕሮግራም ነው። መልኩ ያምራል፣ ለጀማሪ ቀላል ነው ይባላል። ነገር ግን ሞዶቹን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ከጌሙ ጋር አንድ ፓርቲሽን ላይ መሆን አለበት። እዚህ አብዛኛው ላፕቶፕ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሏል። ልጁ ጌሙን ዲ ላይ ይጭናል፣ የቮርቴክስ ፎልደር ሲ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ አልሠራም አለኝ ይላል። ፎልደሩን ወደ ዲ ማዞር ነው መፍትሔው። ኮሌክሽን የሚባለው፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የሞድ ጥቅል፣ ዓይን ይስባል። ለኔክሰስ ወርኃዊ ክፍያ ያልከፈለ ሰው ግን እያንዳንዱን ሞድ በክሊክ ማውረድ አለበት፤ ፍጥነቱም የተገደበ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሞዶች ያሉት ኮሌክሽን በእኛ ኢንተርኔት አይሞከርም።

ሞድ ኦርጋናይዘር 2 ዳታ ፎልደሩን ጨርሶ አይነካውም። እያንዳንዱን ሞድ በየራሱ ፎልደር ያስቀምጥና ጌሙ ሲከፈት ብቻ እዚያ እንዳሉ አድርጎ ያሳየዋል። አንዱ ሞድ ካበላሸባችሁ ምልክቱን ታነሳላችሁ፣ በቃ፤ ጌሙ ንጹሕ ነው። ያወረዳችሁት ዚፕ ዳውንሎድ የሚል ፎልደር ውስጥ ስለሚቀር ድጋሚ ለመጫን ዳታ አታቃጥሉም። መጀመሪያ ስትከፍቱት ግሎባል ወይስ ፖርተብል ብሎ ይጠይቃል። ፖርተብል በሉት። ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ፎልደር ውስጥ ይሆናል፤ ኤክስተርናል ላይ ገልብጣችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ጌሙንም እሱንም ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስገቡ፤ ዊንዶውስ ፈቃድ እየጠየቀ ያስቸግራል። ዲ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር ክፈቱላቸው።

መጀመሪያ ላይ ኤስኬኤስኢን፣ ስካይዩአይንና የስህተት ማረሚያውን ብቻ ጫኑና ተጫወቱ። መልክ የሚያሳምሩ ቴክስቸሮችን በኋላ አንድ በአንድ ጨምሩ፤ 1ኬ፣ 2ኬ፣ 4ኬ የሚል የምስል ጥራት ምርጫ ሲኖር 1ኬውን ውሰዱ። ለማውረድም ያንሳል፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ጨዋታ ከጀመራችሁ በኋላ ስክሪፕት (ጌሙ ውስጥ የሚሠራ ኮድ) ያለውን ሞድ መሃል ላይ አታውጡ፣ ሴቩን፣ ማለትም የተቀመጠውን ጨዋታችሁን፣ ያበላሸዋል። ጌሙንም ከዴስክቶፕ ሳይሆን ከሞድ ኦርጋናይዘሩ ውስጥ፣ ከላይ በቀኝ ካለው ዝርዝር ኤስኬኤስኢን መርጣችሁ ክፈቱት። ከዴስክቶፕ ከተከፈተ አንድም ሞድ አይታይም።