የድሮ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሲጠገን፦ ከኋላ ራስ፣ ከጺም ወይስ ከደረት?

በዚህ ዓመት ብቻ አራት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። ሁሉም ከዓመታት በፊት ፀጉር ያስተከሉ፣ ዛሬ ግን ያለ ኮፍያ ከቤት መውጣት የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። «ለማስተካከያው የሚሆነው ፀጉር ከየት ይምጣ?» ይላሉ። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው።

እኔ ሦስት ጊዜ አስተክያለሁ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ዋሽንግተን አካባቢ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው)። በአንድ ቀዳዳ ስድስትና ሰባት ፀጉር አንድ ላይ ተከሉብኝ፤ ግንባሬ ላይ እንደ ብሩሽ በጥቅል በጥቅል በቀለ። ያንን ለመሸፈን በ2012 ኢስታንቡል ሄድኩ። ሆቴሉንና ማመላለሻውን ጨምሮ 2,200 ዶላር ከፈልኩ። ሐኪሙን ያየሁት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ የቀረውን ሥራ የሠሩት ረዳቶቹ ናቸው። የእኛ ከርዳዳ ፀጉር ሥሩ ከቆዳ በታች ይታጠፋል፤ ሥሩ የሚነቀልበትን መሣሪያ ቀጥ አድርጎ ያስገባ ሰው ሥሩን ቆርጦ ያበላሸዋል። እነሱም ብዙውን ቆርጠው ጣሉት፣ የኋላ ራሴን ብል የበላው ጋቢ አስመሰሉት። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ የተነቀለ ሥር አይተካም።

የኋላ ፀጉር ውድ የሆነው ስለማይረግፍና ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወርም ጠባዩን ስለማይለውጥ ነው። የኒውዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ በ1952 የመጀመሪያ ንቅለ ተከላውን ሠርቶ በ1959 ያሳወቀው ይህንን ነበር። ስለዚህ ከኋላ በቂ ፀጉር የተረፈው ሰው ሌላ አማራጭ አይፈልግ። ሦስተኛው ሐኪሜ ለአንድ ችግኝ፣ ማለትም ከነሥሩ ተነቅሎ በአንድ ቀዳዳ ለሚተከል ፀጉር፣ 6 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው፤ በአንዱ ችግኝ በአማካይ ሁለት ፀጉር ስለሚኖር ሂሳቡ ለአንድ ፀጉር 3 ዶላር ነው። ከዚያ የሚረክስ ምንጭ አልነበረም። እኔ ግን የቀረኝ ከጆሮዬ ጀርባ የተገኘ 200 ችግኝ ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምንጭ አለ፤ እሱም ራሱ የተበላሸው ተከላ ነው። በ2019 ሦስተኛው ሐኪሜ ከግንባሬ 140 ጥቅሎችን አንድ በአንድ አወጣ። ነርሷ በማይክሮስኮፕ እያየች እያንዳንዱን ወደ አንድና ሁለት ፀጉር ስትከፍለው፣ ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ባለበት ሳህን ላይ በአሥር በአሥር ስትደረድረው አየሁ። 480 ችግኝ ወጣው። ለሥራው 3,400 ዶላር ስለከፈልኩ አንዱ ሰባት ዶላር ገደማ መጣ። ያ ፀጉር ከኋላ የመጣ የራሴ ፀጉር ነው፤ ቀጭን ስለሆነም ለግንባር መስመር ከእሱ የተሻለ አልነበረኝም። አስቀያሚው ጥቅልም አብሮ ተነሣልኝ። አዲስ ፀጉር ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ።

የቀረውን ባዶ ቦታ የሞላልኝ ጺሜ ነው፤ ለእንደኔ ዓይነት ሰው የምመክረውም እሱን ነው። ከአገጭና ከመንጋጋ በታች 1,100 ችግኝ በ8 ዶላር ሂሳብ ተወሰደ፤ 8,800 ዶላር ማለት ነው። ዋጋው ከኋላው ፀጉር ይወደዳል፣ በዚያ ላይ የጺም ችግኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ፀጉር ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ አንዱ ብዙ ይሸፍናል። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በቀለልኝ፤ የበቀለውን ብቻ ስቆጥር አንዱ 9 ዶላር ገደማ ወጣበት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሦስት ቀን ሳልላጭ እንድመጣ የታዘዝኩት በእድገት ላይ ያለውን ፀጉር ካረፈው ለመለየት ነበር። ይህንን የማያዝዝ ሐኪም ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

ጉድለቱን አልደብቅም። የጺም ፀጉር ግንባር ላይ ከተተከለ ሸካራነቱ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቦታው መሀል ራስና አናት ነው፣ ያውም ከራስ ፀጉር ጋር ተቀላቅሎ። ሽበቱም ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ የተነቀለበት ቦታ ነጫጭ ነጥብ ሊተው ስለሚችል ከመንጋጋ በላይ ማስነካት አይገባም። እኔ አንገቴን ቀና ሳደርግ ነጥቦቹ ዛሬም ይታያሉ።

የደረት ፀጉር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እድገቱ አጭር፣ እረፍቱ ረጅም ስለሆነ ብዙ አይረዝምም። 300 ችግኝ በ10 ዶላር፣ በድምሩ 3,000 ዶላር ከፍዬ ለብቻው ምልክት በተደረገበት ቦታ ተተከለልኝ። ከዓመት በኋላ ከሐኪሙ ጋር ስንቆጥር 130 ገደማ አገኘን። የበቀለው አንድ ችግኝ 23 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። ጺም የሌለው ሰው ካልሆነ በቀር ለዚህ ገንዘብ አያውጣ።

አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ ከራሴ ይወሰድለት እያለ ነው፤ ይሆናል?» አለኝ። የወንድሙ ልብ እጅግ ነካኝ፤ ግን አይሆንም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ካልሆኑ ሰውነት የሌላን ሰው ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይጥለዋል፤ ያንን ለመከላከል የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት እየዋጡ መኖር ለፀጉር ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ሰው ሠራሽ ፀጉር ቆዳ ውስጥ እንተክላለን የሚሉም አሉ። አሜሪካ ይህንን በ1983 ከልክላለች፤ ቆዳን ያመረቅዛል። ጠባሳን ቆዳ ላይ በሚነቀስ ነጠብጣብ ቀለም ፀጉር ማስመሰል ግን ለኋላ ራሴ ጠቅሞኛል። በሦስት ቀጠሮ 1,800 ዶላር ከፍያለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚደበዝዝ መታደስ አለበት።

ጺምን የመረጠ ሰው ሙሉውን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በ50 ችግኝ ይሞክር፤ እኔ በከፈልኩት የ8 ዶላር ሂሳብ 400 ዶላር ይመጣል፣ ውጤቱም አንድ ዓመት ያህል ይጠበቃል። ከወዳጆቼ አንዱ እንደዚህ አደረገ። በአራተኛው ወር ከአገጩ በታች የተነቀለበት ቦታ እያበጠ እንደ ምስር ፍሬ ጠጠረ፤ ኬሎይድ የሚባል ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነበር፣ ቆዳው እንደዚያ እንደሚሆን ከዚያ በፊት አያውቅም። ሥራውን በ50ው አቆመ።