የአባታችንን የደም ግፊት ከሩቅ ለምትከታተልልን ሲስተር

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራን፣ ከዚያም ጎን ለጎን የደም ግፊት ሕሙማንን በስልክ የምትከታተል ነርስን ለማመስገንና በሰሜን ሸዋ ገጠር ወላጅ ላላችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈቀደች፣ ቤታችን ውስጥ እንደምንጠራት «ሲስተር» እላታለሁ።

አባታችን የሚኖሩት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። የግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ይሁን እንጂ ለቀጠሮ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን ድረስ መመላለስ በእሳቸው ዕድሜ ቀላል ስላልሆነ፣ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ግፊታቸው እንዴት እንደሚሰነብት የሚያውቅ አልነበረም። ሲስተር ውጤቱን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልክ የክንድ መለኪያ አስመረጠችን፤ መተግበሪያውንም አብራቸው በምትኖረው የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ጫነችልን። የተለካው ቁጥር ኔትወርክ ካለ ወዲያው ይደርሳታል፤ ከሌለም ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቆይና ኔትወርክ ሲመለስ ይላካል። የገጠሩን ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም አይጠፋውም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ለአለካኩ የሰጠችው ትኩረት ነው። ገና አንድ ቁጥር ሳትቀበል አባታችንንና ልጅቷን አስቀምጣ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል አርፎ መቀመጥን፣ ጀርባን ማስደገፍን፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት ማስረገጥን፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍን፣ ሽንት ይዞ አለመለካትን፣ እየተለኩ አለማውራትን፣ ቡና ከጠጡም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየትን አንድ በአንድ አለማመደቻቸው። አባታችን ማሰሪያውን በጋቢያቸው ላይ ሊጠመጥሙት ሲሉ «አባባ፣ ጋቢው ግፊት የለበትም፤ ክንድዎን ያውጡልኝ» ብላ አሳቀቻቸው። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ በወፍራም ልብስ ላይ የታሰረ መለኪያ የተዛባ ቁጥር ይሰጣል፤ የተዛባ ቁጥር ደግሞ በፍጥነት ስለደረሰ ለሐኪም የሚፈይደው ነገር የለም።

መተግበሪያው ክኒን መዋጡንም ስለሚመዘግብ፣ ሲስተር የወሩን መዝገብ ስታይ ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ባዶ መሆናቸውን አስተዋለች። ደውላ ስትጠይቃቸው፣ በጾም ቀን ጠዋት ክኒን በውኃ መዋጥ ጾም መግደፍ ስለሚሆንባቸው ለከሰዓት እንደሚያቆዩትና ከዚያም እንደሚረሱት ነገሯት። ለእኛ ለልጆቻቸው እንኳ ተንፍሰውት አያውቁም ነበር። አልተቆጣቻቸውም፤ መድኃኒቱንም በራሷ ሥልጣን አልነካካችም። ጉዳዩን ለሚያክማቸው ሐኪም አቅርባ፣ እሱ ሲፈቅድ የመዋጫው ሰዓት ወደ ማታ ተዛወረ። አሁን የጾሙም ቀን ምልክት አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሲስተር በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው የገባባቸው መሆኑን አስታውሳ ወጡ ላይ ዳግም እንዳይጨመር፣ በሶውም ያለ ጨው እንዲበጠበጥ አሳሰበች። አባታችን መጀመሪያ ላይ አጉረምርመው ነበር። የሳምንቱን መስመር በስልኩ ላይ ማየት ከጀመሩ ወዲህ ግን «ወርዷል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁት ራሳቸው ናቸው፤ ጨውም ሲበዛ ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ሆነዋል። በእኔ አስተያየት የእኛ የዓመታት ውትወታ ይህን ያህል አልሠራም።

ከሩቅ መከታተል ድንገተኛ ሕክምናን እንደማይተካ ሲስተር ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነግራናለች። ቁጥሩ 180/120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ፣ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ ሳይሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም መሮጥ እንደሚገባ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ አስለጥፋለች።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ያድልልን።

አገልግሎቷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ወርኃዊ ክፍያዋ መጠነኛ ነው፤ የታማሚውን መዝገብም ያለ ፈቃዱ ለዘመድም ቢሆን አታሳይም። መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የታማሚውን የላይኛ ክንድ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ ላኩላት፤ የጠበበ ማሰሪያ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርጋልና።